ሰንስክሪኑ ፊቴ ላይ እየተጠቀለለ ይረግፋል፣ "ፕላስቲክ ነው" እያሉኝ ነው፣ ልተወው?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ "ቡሬ ዙሪያ ገጠር ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ፣ ብዙውን ቀን ማሳ ላይ ነው ምውለው። ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ስለወጣብኝ ኤስፒኤፍ 50 ሰንስክሪን ገዛሁ። ጠዋት እሬት እቀባና ወዲያው ሰንስክሪኑን ከማድያት ክሬሜ ጋር መዳፌ ላይ ቀላቅዬ እቀባዋለሁ፣ ግን ሳሸው እየተጠቀለለ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ይረግፋል። ፀጉር ቤት ምትሠራ ጓደኛዬ ጀርባውን አንብባ 'አክሪሌትስ ኮፖሊመር ይላል፣ ፕላስቲክ ነው፣ ማድያቱን ያባሰብሽ ቆዳሽን አፍኖት ነው' አለችኝ። ጥፍሬንም ጄል ተሠርቼ ጣቶቼ ዙሪያ አሳክኮኝ ቆስሎ ነበር፣ እሱም አክሪሊክ ነው ብለውኛል። ትቼው ቫዝሊን ወይ ቅቤ ብቀባ አይሻለኝም?"

ሰንስክሪኑን አትተይው። ከዘረዘርሻቸው ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ የማድያት ክሬም ያልሽው ነው፣ እሱን ከታች ለብቻው አነሳዋለሁ፣ እስከዛው ግን ከሰንስክሪኑ ጋር መቀላቀሉን ዛሬውኑ አቁሚ።

ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ናት። አክሪሌትስ ኮፖሊመር ሰው ሠራሽ ነው፣ ከነዳጅ ተዋጽኦ ከሚገኙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተያይዞ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት (ፖሊመር የሚባለው) ነው፣ ከግድግዳ ቀለምና ከማጣበቂያ ጋርም በኬሚስትሪ ዘመድ ነው። ግን ከዛ ተነስቶ "ስለዚ ቆዳ ያፍናል" ማለት አይቻልም። ክሬሙ ውስጥ እያለ ፖሊመሩ ወይ ውሃው ውስጥ በጣም ጥቃቅን ሆኖ ተበትኗል፣ ወይ ዘይቱ ውስጥ ሟሙቷል። ስትቀቢው ውሃው ይተናል፣ ቅንጣቶቹ እየተጠጋጉ ይጨፈለቁና እርስ በርስ ተዋህደው በዓይን የማይታይ ስስ ፊልም (ሽፋን) ይሆናሉ። ምን ያህል ስስ ካልሽ፣ ሰንስክሪን የሚለካበት መጠን በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ነው፣ ይሄ ማለት ገና እርጥብ እያለ እንኳን ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለ50 ተካፍሎ የአንዱን ያህል ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ ከዛም ያንሳል።

ፊልሙ ፀሐይን እራሱ አያግድም፣ ጨረሩን የሚያግዱት ማጣሪያ የሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። የፊልሙ ሥራ እነሱን ቆዳሽ ላይ እኩል ዘርግቶ መያዝና ላብ ሲመጣ ተያይዘው እንዳይወርዱ ማድረግ ነው። ይሄ ባይኖር ማሳ ላይ የሚውል ሰው ፊት ላይ ሰንስክሪን ብዙም አይቆይም ነበር፣ ላቡ ወደ ዓይን ይዞት ይወርዳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰውየውም በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ እጅሽ ጀርባ ላይ ትንሽ ሰንስክሪን በስሱ ቀብተሽ ሳትነኪው ሩብ ሰዓት ጠብቂና ውሃ አንጠብጥቢበት። ፊልሙ ከተሠራ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቆምና እጅሽን ስታዘነብዪ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ክሬም ነጭ ሆኖ አይሟሟም። ከዛ ቦታውን በነጠላሽ ጫፍ አንዴ ጠረግ አርጊውና እንደገና ውሃ አንጠብጥቢ፣ አሁን ውሃው ይሰራጫል። እዚች ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ፊልሙ ላብን ይቋቋማል፣ መጥረግን ግን አይቋቋምም። ላብ ሲመጣብሽ በስስ ጨርቅ ጫን ጫን እያረግሽ አድርቂው እንጂ አትሸው።

ስለ ማፈን እንነጋገር። ቆዳ እንደ ሳንባ አይተነፍስም፣ ኦክስጅን በዋናነት የሚደርሰው በደም በኩል ነው፣ ከአየር የሚወስደው ከላይ ያለው በጣም ስስ ክፍል ብቻ ነው። እዚህ ምርቶች ውስጥ የሚገቡት ፊልሞች ደግሞ አየርና እንፋሎት ያሳልፋሉ፣ ተቀብተሽ ፊትሽ ማላቡ እራሱ ምስክር ነው። ሲሊኮን የሚባለው ቤተሰብማ፣ ዳይሜቲኮን ምናምን እያለ ጀርባው ላይ የሚጻፈው፣ ኦክስጅን በማሳለፍ በጣም የታወቀ ስለሆነ ዓይን ላይ ለሚደረግ ሌንስ ይመረጣል። በጥያቄሽ ውስጥ ካሉት ነገሮች በእርግጥ ቆዳን የሚሸፍነው "ልቀይርበት ወይ" ያልሽው ቫዝሊን ነው፣ ከቆዳ የሚተነውን ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ማስቀረት የሚችል ነገር እሱ ነው። ይሄም ነውር የለበትም፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለደረቀ ቆዳ የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ግን ፀሐይን አይከላከልም። ቅቤም አይከላከልም። ቫዝሊን ወይ ቅቤ ብቻ ተቀብቶ ማሳ መዋል ማድያት ላለበት ሰው ባዶ ፊት እንደመዋል ነው፣ ለፀጉርሽ ከሆነ ግን ቅቤውን እንደለመድሽው ተቀቢ።

"ወደ ውስጥ ገብቶ ደም ውስጥ ይቀላቀላል" የሚሉም አሉ። ጤናማ ቆዳን አልፎ የሚገባ ሞለኪውል በአብዛኛው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በታች የሆነ ነው፣ እነዚህ ፖሊመሮች ግን ብዙ ሺህ፣ አንዳንዴ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው፣ ስለዚ ላይ ላዩን ነው የሚቀሩት። አዲስ ፈጠራም አይደሉም። ፒቪፒ የሚባለው፣ የፀጉር ጄል ውስጥ የምናውቀው፣ በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ ዋልተር ሬፔ በሚባል ኬሚስት የተሠራ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደም ለፈሰሳቸው ቁስለኞች በደም ፕላዝማ ምትክ ይሰጥ ነበር፣ በ1950ዎቹ ደግሞ የፀጉር ስፕሬይ ውስጥ ገባ። አክሪሌትስ ኮፖሊመርና ዘመዶቹን አሜሪካን አገር ያለው የኮስሞቲክስ ንጥረ ነገሮች ገምጋሚ ቡድን በ2002 አይቷቸው ቆዳ በማያስቆጣ መልኩ እስከተቀመሙ ድረስ ደህና ናቸው ብሏል። ማንም ላይ ምንም አያደርጉም ማለት ግን አይደለም። ቪፒ ሄክሳዴሴን ኮፖሊመርና ቪፒ ኤይኮሴን ኮፖሊመር የሚባሉት፣ ላብ በሚቋቋሙ ሰንስክሪኖች ውስጥ በብዛት ያሉት፣ ጥቂት ሰዎች ላይ አለርጂ እንዳመጡ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ብርቅ ነው፣ ግን አለ።

የጥፍሩ ጉዳይ ላይ ደግሞ ፍርሃትሽ ትክክለኛ ነው፣ የተጠራጠርሽው ዕቃ ግን ሌላ ሆነ። የጥፍር ጄል ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ገና ፖሊመር አልሆነም፣ ሞኖመር ነው፣ ማለትም ያልተያያዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፣ መብራቱ ውስጥ እጅሽን ስትከቺ ነው ተያይዘው የሚደርቁት። ልዩነቱን ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ባዘቶው እየበነነ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ያው ጥጥ ተፈትሎ ተሸምኖ ጋቢ ከሆነ በኋላ ግን የሚበን ነገር የለውም። ጄሉ ቆዳሽን ከነካ፣ ወይ መብራቱ ደካማ ሆኖ በደንብ ካላደረቀው፣ ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ቆዳ ውስጥ ይገቡና ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግባቸዋል። ዋናው ተጠያቂ ሄማ የሚባለው ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ባወጣው ደንብ የጥፍር ምርት ላይ ለባለሙያ አገልግሎት ብቻ ብሎ ገድቦታል። አንዴ አለርጂው ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚ ጄል ጥፍር ሁለተኛ እንዳትሠሪ፣ "ሌላ ብራንድ ነው" ቢሉሽም። ጥርስ ስታስሞዪም ለሐኪሙ ንገሪው፣ የጥርስ መሙያው ተመሳሳይ ነገር ሊኖረው ይችላል። ሰንስክሪኑ ላይ ያለው ግን ሸማኔ ቤት የገባው ነው፣ ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ አለርጂ ያመጣብሻል አይባልም። ለልብሽ እረፍት ከፈለግሽ ክንድሽ ውስጠኛው በኩል፣ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ላይ፣ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ቀቢው። ካላሳከከና ካልቀላ ፊትሽ ላይም ችግር የመፍጠር ዕድሉ ትንሽ ነው።

እንግዲህ መጠቅለሉ። ይሄ ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ሲቀደድ የሚመጣ ነው እንጂ ምርቱ የተበላሸ ስለሆነ ወይ ቆዳሽ ስለማይቀበለው አይደለም፣ አንቺ ላይ ደግሞ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ተደራርቦብሻል። እሬቱ ሲደርቅ የራሱን ስስ ሽፋን ይሠራል (የተፈጥሮ ፊልም ነው እሱም፣ ተልባ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ልጋግም እንዲሁ)። ያ ሽፋን ከቆዳ ጋር አጥብቆ ስለማይያዝ ከላዩ ሌላ ነገር ስታሺበት ተፈንቅሎ ይነሳና ሰንስክሪኑን ጠቅልሎት ይወጣል። በዛ ላይ እሬት ውስጥ ጨው ነክ ማዕድን አለ፣ ብዙ ክሬሞችን የሚያወፍረው ካርቦመር የሚባለው ፖሊመር ደግሞ ጨው ሲነካው ወዲያው ይቀጥንና ይፈርሳል፣ ላብ ባለበት ፊት ላይ መቀባትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም። ከዛ ሁለት ክሬም መዳፍሽ ላይ ታዋህጃለሽ፣ የሰንስክሪኑን ቅመም ያዋቀረው ሰው ዘይቱን ከውሃው፣ ፖሊመሩን ከማጣሪያው አመጣጥኖ ነው የሠራው፣ ሌላ ነገር ሲገባበት ፊልሙ ቦታ ቦታ ላይ ቀዳዳ እየሆነ ነው የሚደርቀው። 50 የነበረው ስንት እንደሚሆን ማንም አስልቶ ሊነግርሽ አይችልም፣ ግማሽ ይሆናል ብለሽ እንኳን አታስቢ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እየደረቀ ያለውን ነገር መልሰሽ ማሸትሽ አለ።

ስለዚ እንዲህ አርጊ። እሬቱን ጠዋት ተዪው። በነገራችን ላይ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፣ ቆዳ ሲቆጣ ደግሞ እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ ጠባሳው ጥቁር ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ማድያት ላለበት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፊትሽን ታጠቢ፣ ድርቀት ከተሰማሽ ቀለል ያለ ሎሽን በስሱ ተቀቢና እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ቁርስ ሠርተሽ እስክትጨርሺ ማለቴ ነው። ከዛ ሰንስክሪኑን ሌባ ጣትሽና መሀል ጣትሽ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ መስመር አውጪና ለፊትና ለአንገት ተጠቀሚው፣ አንዴ ሳይሆን ለሁለት ከፍለሽ፣ መጀመሪያ ግማሹን ቀብተሽ ትንሽ ቆይተሽ ቀሪውን ደርቢ። እያሸሽ ሳይሆን እየዳሰስሽና ጫን እያረግሽ አስተኚው፣ ከዛ እጅሽን አንሺ። ከቤት ከመውጣትሽ ከሩብ ሰዓት በፊት ይሁን። መጠኑን ቀንሰሽ መጠቅለሉን ለማስቀረት እንዳትሞክሪ፣ ብዙ ሰው ይሄን ነው የሚያረገው፣ መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ መከላከያው ከታሰበው በላይ ይወርዳል። ይሄን ሁሉ አርገሽ ለሁለት ሳምንት አሁንም ከተጠቀለለ ያኔ ምርቱን ቀይሪ፣ ሎሽንሽ ውሃ መሠረት ያለው ሆኖ ሰንስክሪኑ ሲሊኮን የበዛበት ከሆነ ሁለቱ ላይስማሙ ይችላሉ።

ማድያቱን ምን አባሰው ላልሽው፣ ከፖሊመሩ በፊት የምጠረጥራቸው ብዙ ናቸው። ማድያት ፀሐይ፣ ሆርሞን (እርግዝና፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል)፣ የዘር ተጋላጭነትና ሙቀት ተደማምረው የሚያመጡት ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ትላለች፣ በየ1000 ሜትሩ የጨረሩ ጥንካሬ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፣ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለንም፣ ብርዱ እያታለለን እንጂ ጎጃም ደጋው ላይ ያለው ፀሐይ በጣም ጠንካራ ነው። ክረምትም ቢሆን ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ እንደኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው፣ ተራ ነጭ ሰንስክሪን እሱን በደንብ አይዘውም። የሚይዘው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው፣ "ቲንትድ" የሚባለው ነው። ቀጥሎ ስትገዢ እሱን ፈልጊ፣ ጀርባው ላይ አይረን ኦክሳይድስ መጻፉን አይተሽ።

ከማሸጊያው ፊት ለፊት "ዋተርፕሩፍ" የሚለውን አትመኚው። አሜሪካን አገር ይሄ ቃል ሰንስክሪን ላይ እንዳይጻፍ በ2011 በወጣ ደንብ ተከልክሏል፣ የተፈቀደው "ውሃ የሚቋቋም" ብሎ 40 ደቂቃ ወይ 80 ደቂቃ መሆኑን መጻፍ ነው፣ "ዋተርፕሩፍ" ምርቱ ከሚችለው በላይ ስለሚያጋንን። ማሳ ላይ ከሆንሽ በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለብሽ። አቧራ ባለበት፣ እጅ መታጠቢያ በሌለበት ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለዛ ነው ሰንስክሪን ብቻውን ለአንቺ ሥራ አይበቃም የምለው። ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ያዢ፣ ነጠላውን ግንባር ላይ ወደፊት አውጥተሽ ተከናነቢ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን የማሳ ጉብኝት የምትችዪውን ያህል ወደ ጠዋት አምጪው። ደግሞ ቱቦውን ፀሐይ ላይ ወይ ሞተር ሳይክል ኮርቻ ሥር አታስቀምጪ። በሙቀት ውሃና ዘይቱ ከተለያየ፣ ስትጨምቂው መጀመሪያ ውሃ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ ምርት አልቋል፣ ከእንግዲህ ፊልም አይሠራም።

ማታ ሲሆን የግድ ይውረድ። ላብ እንዲቋቋም የተሠራ ፊልም በውሃ ብቻ አይለቅም፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ይዞ የዋለ ነገር ፊት ላይ ካደረ ብጉር ሲመጣ "ክሬሙ አፈነኝ" ይባላል። በትንሽ ዘይት (የፊት ማጽጃ ዘይት ካለሽ እሱን፣ ከሌለሽ የሕፃናት ዘይት) አሟሙተሽ በለስላሳ የፊት ሳሙና ታጠቢ። የልብስ ሳሙና አይሁን።

አሁን የማድያት ክሬሙ። ከኮስሞቲክስ ሱቅ የተገዛ፣ በተለይ ጀርባው ላይ ምን እንዳለበት የማይናገር ከሆነ፣ ውስጡ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚባሉ ስቴሮይዶች፣ መጠኑ ያልታወቀ ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት)፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ምልክቱን ልንገርሽ፦ በሁለት በሦስት ሳምንት ፊት ጥርት ይላል፣ ሰው ሁሉ "አማረብሽ" ይላል፣ ስትተዪው በቀናት ውስጥ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ማድያቱ ከበፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል። እየቆየ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፀጉር ይበቅላል። ሜርኩሪ ካለበት ኩላሊት ይጎዳል። ፋርማሲ ቆሜ በየሳምንቱ የማየው ጉዳት ይሄ ነው፣ በፖሊመር ፊቱ የተበላሸ ሰው ግን አላጋጠመኝም፣ ሰው ግን የሚፈራው በተቃራኒው መሆኑ ያሳዝነኛል። መቀባት ከጀመርሽ ጥቂት ቀን ከሆነ በቃ አቁሚው። ከወር በላይ ከሆነሽ ግን በአንዴ ስታቆሚ ፊትሽ ሊቆጣ ስለሚችል የቆዳ ሐኪም እያየሽ አቁሚው፣ ሐኪሙ ቀስ እያለ ያወጣሻል፣ ለማድያቱም አዜላይክ አሲድ ወይም መጠኑና ጊዜው የታወቀ ሌላ መድኃኒት ይጽፍልሻል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪው።

ፖሊመሮቹን በተመለከተ እኔም የምጋራው ሐሳብ ያለው አካባቢ ላይ ነው፣ ብዙዎቹ ታጥበው ከወረዱ በኋላ ቶሎ አይበሰብሱም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ሆን ተብሎ ምርት ውስጥ የሚገባ ማይክሮፕላስቲክን መገደብ ጀምሯል፣ የሚመለከተው ግን በውሃ የማይሟሟውን ጠጣር ቅንጣት ነው፣ ለምሳሌ ብልጭልጩን። ፊትን ማጽጃ ውስጥ የሚገባ ፍርፍር ፕላስቲክና ብልጭልጭ ከሆነ ብትተዪው ምንም አይቀርብሽም። ማድያት ያለበት ሰው ሰንስክሪን ግን እዛ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

ፀጉር ቤት ላለችው ጓደኛሽ ሁለት ነገር ንገሪልኝ። ሹሩባ ላይ የሚቀባው ጄል ደርቆ ነጭ ነጭ የሚረግፈው ፎረፎር ሳይሆን ያው ፊልም ተሰባብሮ ነው፣ መድኃኒት አይፈልግም፣ በትንሽ እርጥበት ይለቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ፒቪፒ ያለበት ጄል እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ይጣበቃል። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ በከሰልና በኮላ ተለውሶ "ብላክ ሄድ ያነሳል" እየተባለ ፊት ላይ የሚለጠፈው ማስክ ይቅር። ለፊት ተብሎ የሚሠራው ተነቃይ ማስክ ፖሊቪኒል አልኮሆል ነው፣ እሱም ቢሆን ስስ ፀጉር ይነቅላል፣ የወረቀት ማጣበቂያ ግን ለቆዳ ተብሎ አልተሠራም፣ ሲነሳ የላይኛውን ቆዳ ይዞ ይነሳል፣ የተላጠው ቦታ ደግሞ ለወራት ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ወደ ሐኪም ስትሄጂ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ የማድያት ክሬሙን ዕቃ ባዶም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ፣ ሰንስክሪኑንም ጨምረሽ። "ነጭ ክዳን ያለው ክሬም" ሲባል ሐኪሙ ምንም ሊያደርግ አይችልም።